ምዕራፍ 7፦ በዓሣ ጆሮ ውስጥ ያለው ድንጋይ

ባለፈው ምዕራፍ ከጥንት ጭቃ ውስጥ የሚወጡ ዛጎሎች ስለ ኖሩበት ውሃ ምን እንደሚነግሩን አይተናል። ዛጎል የሚታመነው ባለቤቱ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ነው፤ በተቀመጠበት ኖሮ በተቀመጠበት ይሞታል። አንድ ችግር ግን ሳንፈታው አልፈናል። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ፣ ወይም ከውቅያኖስ ተቆርጦ ጨዉ እየሳሳ በሄደ ባሕር ውስጥ፣ ውሃው ራሱ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። ዝናብ ሲበረታ ወንዙ ሞልቶ ባሕሩን ይገፋዋል፤ ወንዙ ሲደክም ባሕሩ ወደ ላይ ይገባል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚበረክቱት ዛጎላም እንስሳት ሁሉን ቻዮች ናቸው፤ ጨው በዛም አነሰም ይኖራሉ። ስለዚህ የእነሱ መገኘት «ውሃው ንጹሕ ባሕርም ንጹሕ ወንዝም አልነበረም» ከማለት ብዙም አያልፍም።

እንዲህ ያለውን ውሃ ከፊል ጨዋማ እንበለው። በአንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። የጥቁር ባሕር የላይኛው ውሃ የዚህን ግማሽ ያህል ይይዛል፤ ካስፒያን 13 ግራም ገደማ፣ የባልቲክ ባሕር መካከለኛው ክፍል ደግሞ ወደ 7 ግራም። ሁሉም ከፊል ጨዋማ ናቸው፤ ነገር ግን በ7 እና በ18 መካከል ያለው ልዩነት ለሚኖርበት እንስሳ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ለመለየት የሚንቀሳቀስና የተንቀሳቀሰበትን የሚመዘግብ ምስክር ያስፈልገናል።

ዓሣ እንዲህ ያለ ምስክር ነው። በጆሮው ውስጥ ባለች ጠጠር ሁለት የተለያዩ ቃሎችን ይሸከማል፤ አንዱ ማን እንደሆነ፣ ሌላው በየትኛው ውሃ ውስጥ እንደኖረ። ከባሕር በማይወጣ ዓሣ ሁለቱ ቃሎች ይስማማሉ። በከፊል ጨዋማ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ። ይህን ምዕራፍ የምጽፈውም ስለዚያ ግጭት ነው፤ ምክንያቱም ስለ ጠፉ ባሕሮች የምናውቀው አስደናቂ ነገር የወጣው ከእሱ ነው።

ስድስት ጠጠሮች

አጥንት ያላቸው ዓሣዎች ከአንጎላቸው ግራና ቀኝ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ሦስት ሦስት ጠጠር አላቸው። ሳይንሱ ኦቶሊት ይላቸዋል። ከሐዋሳ ወይም ከጣና የመጣ ቆሮሶ ተቀቅሎ ሲቀርብ፣ የራስ ቅሉን ከፍቶ ከአንጎሉ ሥር በጥንቃቄ የፈለገ ሰው ትልልቆቹን ሁለቱን ያገኛቸዋል፤ ነጭ፣ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊሜትር፣ አንዱ ጎናቸው ጎበጥ ያለ። በጎበጠው ጎን ላይ ከዳር ተነስቶ ወደ መሐል የሚገባ ቦይ አለ። በአምባዛ ራስ ውስጥ ግን ገዝፎ የሚገኘው ሌላው ጥንድ ነው፤ እያንዳንዱ የዓሣ ወገን ከሦስቱ ጥንዶች አንዱን የማግዘፍ የራሱ ልማድ አለው።

የጠጠሩ ሥራ መስማትና ሚዛን መጠበቅ ነው። የዓሣ ሥጋ ጥግግት ከውሃ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ድምፅ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ዓሣው ከውሃው ጋር አብሮ ይርገበገባል። ጠጠሩ ግን ከቀረው አካል ሦስት እጥፍ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል። ቦዩ ላይ የተደገፉት ጥቃቅን የስሜት ፀጉሮች በዚህ መዘግየት ይታጠፋሉ፤ አንጎሉም መታጠፋቸውን እንደ ድምፅ ይቀበለዋል። ዓሣው ሲያዘምም ደግሞ ጠጠሩ በክብደቱ ያጋድላል፤ ዓሣው ላይና ታችን የሚለየው በዚህ ነው። በእኛም ጆሮ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተመሳሳይ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ፤ ከቦታቸው ሲነቀሉ አልጋ ላይ ዞር ባልን ቁጥር ቤቱ የሚሽከረከርብን በእነሱ ነው።

ጧፍ ሲሠራ

ኦቶሊት አጥንት አይደለም። አጥንት ሕያው ነው፤ ይፈርሳል፣ ይታደሳል፣ ሰውነት ካልሲየም ሲያጥረው ከአጥንቱ ይበደራል። ኦቶሊት አንዴ የተቀመጠበትን መልሶ አይሰጥም። የተሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በብዛት አራጎናይት በሚባለው የክሪስታል ዓይነት፣ በመካከሉም ስስ የፕሮቲን መረብ እየገባ።

አሠራሩን ለመረዳት ጧፍ እንዴት እንደሚሠራ ማሰብ ይበቃል። ሠሪው ከጥጥ ፈትል ይነሳል። ፈትሉን በቀለጠ ሰም ነክሮ ያወጣዋል፤ ሰሙ ሲረጋ ደግሞ ይነክረዋል፤ እንዲሁ እያለ ጧፉ ይወፍራል። አዲሱ ሰም የቀደመውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። የጠዋቱ ሰም ነጣ ያለ፣ የከሰዓቱ ጠቆር ያለ ቢሆን፣ ያን ጧፍ አግድም የቆረጠ ሰው ከፈትሉ ጀምሮ ወደ ውጭ እየቆጠረ የትኛው ሰም መቼ እንደገባ ያለ ስሕተት ይናገራል። በኦቶሊት ውስጥ ፈትሉ ዓሣው ገና በእንቁላል ውስጥ ሳለ የተጠነሰሰው እምብርት ነው። ሰሙ ዓሣው ካለበት ውሃ በደሙ በኩል የሚደርሰው ማዕድን ነው። ነከራው በየቀኑ ነው።

በየዓመቱ የሚጨመረውን ቀለበት ጀርመናዊው ዮሐንስ ራይቢሽ እ.ኤ.አ. በ1899 በጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ላይ ቆጥሮ አሳየ። በየቀኑ የሚጨመረውን ለማየት ግን እስከ 1971 መጠበቅ አስፈለገ። በዚያ ዓመት ጆርጆ ፓኔላ በሁለት የዓመት ቀለበቶች መካከል 360 ገደማ ስስ ንብርብሮች እንዳሉ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የዓሣን ዕድሜ በቀን መቁጠር ተቻለ። በአንድ ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀናት ሊከማቹ ይችላሉ።

ጧፉ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ሰም ወደ ፈትሉ የሚደርሰው በቀጥታ ነው፤ የውሃው ማዕድን ግን በመጀመሪያ በጉንድሽ፣ ከዚያ በደም፣ ከዚያ በጆሮው ፈሳሽ ያልፋል። ዓሣው በዚህ መንገድ ላይ እንደ ዚንክና መዳብ ያሉትን ለራሱ ፍላጎት ያስቀራቸዋል፤ እነሱን ከጠጠሩ አንብቦ ስለ ውሃው መመስከር ያሳስታል። ስትሮንሺየምና ባሪየም ግን ካልሲየምን ስለሚመስሉ ከእሱ ጋር ተቀላቅለው ያልፋሉ፤ ኦክስጅን ደግሞ የውሃውን ጠባይ እምብዛም ሳይለቅ ይደርሳል። የዘርፉ ሥራ የቆመው በእነዚህ ጥቂቶች ላይ ነው።

ከጭቃ ወደ ስም

በምዕራፍ 3 እንዳየነው ሙሉ የዓሣ አጽም ተጠብቆ የሚገኘው በድን የሚበላ እንስሳና ኦክስጅን በሌሉበት ረጋ ባለ ጭቃ ነው። የወንዝ አፍ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማዕበልና ሸርጣን አጽሙን ይበታትኑታል። ጠጠሮቹ ግን ይቀራሉ። ስለዚህ በከፊል ጨዋማ ንጣፎች ውስጥ ስለ ጥንት ዓሣዎች ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከኦቶሊት ነው።

አሰባሰቡ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጭቃው በጆንያ ይመጣል። በመጀመሪያ እስኪሰነጣጠቅ ይደርቃል፤ ደረቅ ሸክላ በውሃ ውስጥ ከእርጥቡ ይልቅ ፈጥኖ ይፈርሳልና። ከዚያ ይዘፈዘፋል፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት ላይ በቀስታ ይታጠባል፣ የቀረው ይደርቃል። የደረቀው አሸዋ በጥቁር ሳህን ላይ በስሱ ተበትኖ በማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል፤ ለቃሚው ጫፉን ያረጠበ ቀጭን ብሩሽ ይዞ፣ ከዛጎል ስባሪና ከኳርትዝ መካከል የተጠማዘዘ ቦይ ያላትን ነጭ ነጥብ ይፈልጋል። ስታገኛት ብሩሹን ታስጠጋለህ፤ ጠጠሯ በእርጥበቱ ትጣበቅና ትነሳለች። ጭቃው አሲድነት ካለው ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ አራጎናይት በአሲድ ይሟሟል።

ስም የሚሰጠው በቅርጹ ነው። ኤርንስት ኮከን በ1884 ከሰሜን ጀርመን ንጣፎች የወጡ ኦቶሊቶችን በወገን በወገን ሲለይ፣ እነዚህ ጠጠሮች እንደ ጥርስና እንደ ዛጎል መታወቂያ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳየ። በኋላ ቤልጅየማዊው ዲርክ ኖልፍና ጀርመናዊው ቬርነር ሽቫርትስሃንስ ዘርፉን አስፋፉት። ዙሪያው ክብ ነው ወይስ ሹል? ቦዩ እስከ ጀርባው ይደርሳል ወይስ መሐል ላይ ይቆማል? ለዚህ ምዕራፍ ከሁሉ የሚጠቅመን ጎቢ የሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች ጠጠር ነው፤ አራት ማዕዘን ወደ መሆን ያደላ፣ በመካከሉ የጫማ ሶል ቅርጽ ያለው፣ ከዳር የማይደርስ ቦይ የታተመበት። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። ጎቢዎች ከባሕር እስከ ወንዝ የተበተኑ ናቸው፤ በከፊል ጨዋማ ውሃ ደግሞ እንደ እነሱ የተሳካለት ወገን ጥቂት ነው።

ስሙ ማንነትን ይነግረናል። ኑሮን ግን አይነግረንም። ካትሱሚ ሱካሞቶና ባልደረቦቹ በ1998 በኔቸር መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ባሕር ላይ ተፈልፍሎ ወደ ወንዝ በመግባት የሚያድግ ተብሎ የሚታወቀውን ዘንዶ መሰል ዓሣ፣ ኢልን፣ ኦቶሊት መረመሩ። በባሕር ከተያዙት አንዳንዶቹ ከእምብርት እስከ ጠርዝ የወንዝ ውሃ ምልክት አልነበራቸውም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ በባሕር ኖረዋል። በስም «የወንዝ ዓሣ» የሚባለው በኑሮው የባሕር ዓሣ ነበር። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞተ ኢል ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ስሙን ብቻ ያየ ሰው በአጠገቡ ወንዝ እንደነበረ ይጽፍ ነበር።

ውሃውን ማንበብ

ኦክስጅን በተፈጥሮ ክብደታቸው የሚለያይ አይሶቶፖች አሉት፤ እዚህ የሚያስፈልጉን ቀላሉ 16 እና ከባዱ 18 ናቸው። ውሃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል። ስለዚህ ደመናው፣ ዝናቡና ወንዙ ከባሕሩ ይልቅ ቀላሉን ያበዛሉ። ወንዝና ባሕር ሲቀላቀሉ የሁለቱ አይሶቶፖች ድርሻ ከቅልቅሉ ጋር በእኩል ደረጃ ይለዋወጣል፤ ግማሽ በግማሽ ከተቀላቀሉ ድርሻውም መካከል ላይ ይውላል። ለከፊል ጨዋማ ውሃ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ስጦታው ግን ሁለት ችግር ይዞ ይመጣል። አንደኛ፣ ውሃው በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር በጠጠሩ ውስጥ የከባዱ ድርሻ በሺህ 0.2 ያህል ይቀንሳል፤ የሞቀ ባሕርና የቀዘቀዘ የወንዝ አፍ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሁለተኛው ይብሳል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ለረጅም ጊዜ ሲተን ቀላሉ እየወጣ ከባዱ ይከማቻል፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ ከባሕር ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው በኦክስጅኑ ባሕር ይመስላል።

ስለዚህ ስትሮንሺየም ይጠራል። በውቅያኖስ ውስጥ የስትሮንሺየም አይሶቶፖች ድርሻ በሁሉም ስፍራ አንድ ነው፤ ውቅያኖሱ እርስ በርሱ በደንብ የተቀላቀለ ነውና። ወንዝ ግን ያጠበውን አለት ድርሻ ይዞ ይመጣል። ከባሕር የተለየ ሐይቅ በትነት ቢከብድም፣ ስትሮንሺየሙ የወንዞቹ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል፤ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 8 ሚሊግራም ያህል ስትሮንሺየም አለ፤ በአንድ ሊትር የወንዝ ውሃ ግን በአማካይ የዚያ አንድ መቶኛ ገደማ ብቻ። አንድ እጅ ባሕር ከዘጠኝ እጅ ወንዝ ጋር ብንቀላቅል፣ ከባሕሩ የመጣው 0.8 ሚሊግራም፣ ከወንዙ የመጣው ደግሞ 0.07 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ውሃው ሊጠጣ የተቃረበ ነው፤ ስትሮንሺየሙ ግን ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ በላይ የባሕር ነው። ማለትም የስትሮንሺየም አይሶቶፕ «ባሕሩ ደርሶ ነበር ወይ?» ለሚለው ጥሩ መልስ ይሰጣል፤ «ምን ያህል ጨዋማ ነበር?» ለሚለው ግን ደካማ ነው። ኦክስጅን በተቃራኒው ለሁለተኛው ይጠቅማል። ሁለቱን በአንድ ጠጠር ላይ፣ በሌዘር ወይም በአይዮን ጨረር፣ ከእምብርት እስከ ጠርዝ ነጥብ በነጥብ መለካት ሲቻል አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ሐይቅ ነው የተባለው ባሕር

ከ5.97 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ሜዲትራኒያንን ከአትላንቲክ የሚያገናኙት መተላለፊያዎች በመሬት ቅርፊት እንቅስቃሴ እየጠበቡ ሄዱ። ሜዲትራኒያን ከዝናብና ከወንዝ ከሚያገኘው ይልቅ በትነት የሚያጣው ይበልጣል፤ ከውቅያኖስ የሚመጣው ውሃ ሲያንስ ጨዉ ወደ ወለሉ ይረጋል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የአፋር ዝቅተኛ ቦታ የቀይ ባሕር ክንድ ገብቶበት፣ ተቆርጦ፣ ተንኖ የቀረበት ስፍራ ነው፤ አሞሌ ሆኖ በግመል የተጫነው ጨው በአብዛኛው የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። የሜዲትራኒያኑ ግን መጠኑ ሌላ ነው። በ1970 ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የቁፋሮ መርከብ ከባሕሩ ወለል ሥር ያለውን የጂፕሰምና የጨው ንጣፍ ናሙና አወጣች፤ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎሜትር ይበልጣል።

ይህ ቀውስ በ5.33 ሚሊዮን ዓመት ላይ፣ አትላንቲክ በጅብራልታር በኩል ተመልሶ ሲገባ አበቃ። የሚያከራክረው ከዚያ በፊት ያለው የመጨረሻው 200,000 ዓመት ያህል ነው። የዚህ ዘመን ንጣፎች ላጎ ማሬ ይባላሉ። በውስጣቸው የሚገኙት ዛጎሎችና ደቃቅ ቅርፊታም እንስሳት የሜዲትራኒያን ልጆች አይደሉም፤ ዘመዶቻቸው በጥቁር ባሕርና በካስፒያን በኩል ነው ያሉት። የመጡት ፓራቴቲስ ከሚባል ሰፊ ባሕር ነው። ፓራቴቲስ ከአልፕስ ግርጌ እስከ መካከለኛው እስያ ተዘርግቶ፣ ተራሮች ሲነሱ እየተቆራረጠ፣ ጨዉም እየሳሳ የሄደ ባሕር ነበር። ከእሱ የተቆረጠው የፓኖን ሐይቅ ከ11.6 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጀምሮ በዛሬዋ ሃንጋሪና በጎረቤቶቿ ላይ ተኝቶ ነበር። ጎቢዎች በእነዚህ ውሃዎች ውስጥ እየተለያዩ በዝተዋል፤ ኦቶሊታቸውም በላጎ ማሬ ንጣፎች ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ የተነሳ ለረጅም ጊዜ የተያዘው ሥዕል ይህ ነበር፦ የደረቀው ሜዲትራኒያን ከምሥራቅ በመጣ ከፊል ጨዋማ ውሃ ተሞልቶ ሐይቅ ወይም የሐይቆች ስብስብ ሆነ፤ ከዚያም ባሕሩ በአንድ ጊዜ ገባ።

ጆርጆ ካርኔቫሌና ባልደረቦቹ በ2006 በጣሊያን ቶስካና ካቫ ሴሬዲ ከሚባል የድንጋይ ካባ፣ ከላጎ ማሬ ንጣፎች፣ የባሕር ዓሣ ቅሪቶች ማግኘታቸውን አሳተሙ። ዛጎሎቹ ሐይቅ ሲሉ ዓሣዎቹ ባሕር አሉ። በ2008 ኬሚካላዊ መለኪያዎችን ጨምረው፣ ባሕሩ የተመለሰው ከታሰበው ቀድሞ ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በዚህ ቀውስ ላይ የሚደረገው ጥናት የሞቱትንም መቁጠር ጀምሯል፤ ራሷ የኦቶሊት አጥኚ የሆነችው ኮንስታንቲና አጊያዲ የመራችው በ2024 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከቀውሱ በፊት በሜዲትራኒያን ብቻ ይኖሩ ከነበሩ 779 ዝርያዎች 86ቱ ብቻ እንደተረፉ አስልቷል። የተረፉት የት ቆዩ የሚለው ጥያቄ ከላጎ ማሬ ክርክር ጋር የተሳሰረ ነው።

ጠጠሩን ማን አመጣው?

ባሕሩ ቀድሞ ተመለሰ የሚለውን የሚቃወሙት ሰዎች ጥያቄ ተገቢ ነው። ጠጠር ይጓዛል። ዓሣ በሊታ ወፍ ወይም ትልቅ ዓሣ ባሕር ላይ የበላውን ሐይቅ ላይ ሊጥለው ይችላል። ከዚህም የከፋው፣ የወንዝ ጎርፍ የቆየ የባሕር ንጣፍ ሸርሽሮ በውስጡ ያሉትን ኦቶሊቶች ከአዲሱ ጭቃ ጋር ሊቀብራቸው ይችላል።

መፈተኛዎች አሉ። በሆድ ውስጥ ያለፈ ጠጠር ጠርዙና ቦዩ በአሲድ ተበልቶ ይለሰልሳል። ከሌላ ንጣፍ ተሸርሽሮ የመጣ በቀለሙና በጭረቱ ከባልንጀሮቹ ይለያል። በዚያው ቦታ የኖረ ወገን ጠጠሮች ከጫጩት እስከ ጎልማሳ በየመጠኑ ይገኛሉ፤ የተጓጓዘ ክምር ግን ብዙውን ጊዜ በመጠን የተመረጠ ነው። ያልተበታተነ አጽም ከተገኘ ደግሞ አጽም ጎርፍ አይችልምና ክርክሩ ያጥራል።

እኔ ግን ወሳኙ መልስ ከባሕር ዓሣዎቹ ይልቅ ከጎቢዎቹ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። የባሕር ዓሣ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ለጥቂት ሳምንታት ገብቶ የሚወጣ። ጎቢ እንቁላሉን በወለሉ ላይ ከድንጋይ ወይም ከዛጎል ሥር ያጣብቃል፤ ወንዱም እስኪፈለፈል ይጠብቀዋል። ስለዚህ የጠጠሩ እምብርት ጎጆው የነበረበትን ውሃ ይዟል። ከላጎ ማሬ ሥር፣ ከመካከሉና ከላዩ የተለቀሙ ጎቢዎችን እምብርት በኦክስጅንም በስትሮንሺየምም ለክቶ መደርደር ይቻላል። ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ስትሮንሺየሙ ከወንዞቹ ድርሻ ወደ ውቅያኖሱ የሚዞርበት ንጣፍ ከ5.33 ሚሊዮን ዓመቱ ወሰን በታች ከተገኘ፣ ባሕሩ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። ወሰኑ ላይ ብቻ ከተገኘ የካቫ ሴሬዲ ዓሣዎች ሌላ ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ሥራ አራጎናይቱ ያልተለወጠ ጠጠር ያስፈልጋል። ወደ ካልሳይት የተቀየረ ጠጠር ቅርጹን ቢጠብቅም፣ ውስጡ ያለው ኬሚካል ዓሣው ከሞተ በኋላ በጭቃው ውስጥ ያለፈው ውሃ የተወው ነው።